«ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ሲባል አንገቱን ስለሚደፋው ልጅ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ቦርዶች፣ ለዕድር ዳኞች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች እና ለወላጆች

ጉዳዩ፦ ጌይ የሆኑ ልጆቻችንን ደኅንነት ይመለከታል

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

ልደት ሲከበር፣ ልጅ ሲመረቅ፣ ለበዓል ስንሰባሰብ ምርቃቱ አንድ ነው፦ «እደግ፣ ተመንደግ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ፣ ሰርግህን ያሳየን።» ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይላል። ከመራቂዎቹ አንዱም ክፉ አላሰበም። ወንድ እንደሚወድ ለራሱ ካወቀ ሁለት ሦስት ዓመት ያለፈው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ያን ምርቃት የሚሰማው እንደ ቀጠሮ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ወይ የሚዋሽበት፣ ወይ ከቤተሰቡ የሚጠፋበት ቀጠሮ።

ይህን የምንጽፍላችሁ በትምህርት ቤት፣ በክሊኒክና በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ አማርኛ ተናጋሪዎች ነን። የሃይማኖት ክርክር ልንከፍት አልመጣንም፤ እሱ የራሱ ሊቃውንት አሉት። የመጣነው ልጆቹ ከቤታችን ውጭ አንድ ዓለም፣ ከቤታችን ውስጥ ሌላ ዓለም ይዘው ስለሚኖሩና በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ሰው ስለሚበላ ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ። እኛ «ጌይ» እንላለን፤ ለሴት ልጆች ደግሞ «ሌዝቢያን»። ልጆቹ ራሳቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው። «ግብረ ሰዶም» የድርጊትና የወንጀል ስም ነው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን የማንንም እጅ ሳይነካ ልቡ ወደ ማን እንደሚያዘነብል ሊያውቅ ይችላል። «ቡሽቲ» እና «ሴታሴት» ስድብ ናቸው። ኳስ እየታየ ሳሎን ውስጥ በአንድ ተጫዋች ላይ ሲወረወሩ፣ ሶፋው ጥግ ላይ የተቀመጠው ልጅ አባቱ እሱን በምን ስም እንደሚጠራው በዚያች ቅጽበት ተረድቷል። አዲስ አበባ ያሉት እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። ማን እንዳወጣው አናውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ምን እንደጎደለው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ዓመቶቹን፣ የአገር ቤቱን ሕግ ስንጠቅስ ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን። በዲሲ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የተፈቀደው በመጋቢት 2010 ነው። ሜሪላንድ በኅዳር 2012 ለሕዝብ ድምፅ አቅርባ 52 ከመቶ በላይ በሆነ ድምፅ አጸደቀች፤ ጋብቻው ከጥር 1 ቀን 2013 ጀመረ። ቨርጂኒያ በ2006 በሕገ መንግሥቷ ከልክላው ነበር፤ በጥቅምት 2014 በፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ተከፈተ። ሰኔ 26 ቀን 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦበርጌፌል ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ በሃምሳውም ክፍለ ግዛት ፈቀደው። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ኮንግረስ ያጸደቀው፣ ይህን ጋብቻ የሚያስከብር ሕግ ተፈረመ። ስለዚህ ዛሬ አሥረኛ ክፍል ያለው ልጃችሁ ይህ ጋብቻ ያልነበረበትን ዘመን አያስታውስም። ለእናንተ አዲስ ነገር ነው፤ ለእሱ እንደ ቀይ መብራት ቆሞ ያገኘው ነገር ነው።

ክፍለ ግዛቶቹ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ መግባታቸው ለተመራማሪዎች ጥሩ ዕድል ሰጠ። እዚሁ ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ጁሊያ ራይፍማን የመራችው ጥናት ከ1999 እስከ 2015 ድረስ የ762,678 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መልስ ተመለከተ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ባለፉት 12 ወራት ራስህን ለማጥፋት ሞክረሃል? ጋብቻውን የፈቀዱ 32 ክፍለ ግዛቶች ካልፈቀዱ 15 ጋር፣ ከሕጉ በፊትና በኋላ ተነጻጸሩ። የካቲት 2017 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሕጉ በወጣባቸው ቦታዎች ሙከራው በጠቅላላ ተማሪዎች ዘንድ በ7 ከመቶ ቀነሰ። ቅናሹ የተከማቸው ጌይ፣ ሌዝቢያንና ባይሴክሹዋል (ወንድንም ሴትንም የሚወዱ) በሆኑት ላይ ነው፤ እነሱ ዘንድ 14 ከመቶ ነበር። ከሕጉ በፊት ከእነዚህ ልጆች 28.5 ከመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም ከአራት ልጆች ከአንድ በላይ፣ በዓመቱ ውስጥ ሞክረው ነበር። ተመራማሪዎቹ ሲያሰሉት በዓመት ከ134,000 በላይ ልጆች ከሙከራ ተርፈዋል።

እንዲህ ያለ ጥናት ምክንያትና ውጤትን እንደ ላቦራቶሪ አስሮ አያሳይም፤ ሕጉና ቅናሹ አብረው መሄዳቸውን ነው የሚያሳየው። እኛም ከዚያ በላይ አንልም። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚያገባ አይደለም። ቨርጂኒያማ ከ2024 ጀምሮ ማንንም ከ18 ዓመት በታች አታጋባም። ታዲያ የአዋቂ ጋብቻ ሕግ ጎረምሳውን ምን አገባው?

ሕግ ለልጅ በአንቀጽ አይናገርም። የሂሳብ አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ባለ የሰርግ ፎቶ ይናገራል፤ ጎረቤት ያሉት ሁለት ሴቶች ቆሻሻ ገንዳቸውን ሲያወጡ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሒሳብ ሲነታረኩ ይናገራል። ልጁ በዚህ የሚያየው ነገር ታላቅ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት መሙላት እንደሚቻል ብቻ ነው። ራስን መቀበል የምንለው ነገር፣ በሥራችን እንደምናየው፣ መስታወት ፊት ቆሞ «ጌይ ነኝ» ማለት አይደለም፤ ያንን ብዙዎቹ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ብለውታል። የሚከብደው ራስን በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ማየት ነው፦ ቤት ያለው፣ ሥራ ያለው፣ ለፋሲካ እናቱ ጋር የሚመጣ ሰው አድርጎ። ያን ሥዕል መሳል ያልቻለ ልጅ ነው የሚያሰጋን።

በእኛ ቤት ደግሞ ለዚህ ልጅ የተዘጋጁለት ሥዕሎች ሦስት ናቸው። መመንኮስ፤ ወደ ሩቅ ክፍለ ግዛት ሄዶ ስልክ አለማንሳት፤ ወይም ሴት አግብቶ መደበቅ። ሦስተኛውን ብዙ ወላጅ እንደ መፍትሔ ያየዋል፤ «ቢያገባ ይተወዋል» ይላል። ሙሽራ ከአገር ቤት ትመጣለች። ቋንቋ አታውቅም፣ ዘመድ የላትም፣ የመኖሪያ ወረቀቷ በባሏ እጅ ነው፣ ባሏ ለምን እንደማይነካትም የሚነግራት የለም። እሷስ የማን ልጅ ናት?

የሴት ልጆቹ ነገር ደግሞ በሌላ መንገድ ይደበቃል። ከወንድ ጋር የማትታይ፣ ከጓደኛዋ ጋር ብቻ የምታጠና ልጅ በእኛ ዘንድ «ጨዋ» ትባላለች፤ ቤተሰቡ ተደስቶ ምንም ሳይጠይቅ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያ ኮሌጅ እንደጨረሰች ሽማግሌ መላክ ይጀመራል፤ ጭንቀቷም በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ስለዚህ «የእኛ ችግር የወንዶቹ ነው» የሚል ካለ፣ ያልታየውን ያልተፈጠረ አድርጎ ቆጥሮት ነው።

ሕጉ ሁሉን አልፈታም። የፌዴራሉ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ2021 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሲጠይቅ፣ ከተቃራኒ ጾታ አፍቃሪዎቹ 6 ከመቶ፣ ከጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ባይሴክሹዋልና ዝንባሌያቸውን ገና ከሚጠይቁ ተማሪዎች ግን 22 ከመቶ በዓመቱ ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል። ጋብቻው ከተፈቀደ ስድስት ዓመት ቢሆንም ልዩነቱ እዚያው አለ። ሕግ በር ድረስ ይመጣል፤ ከበሩ ወዲህ ያለው የእኛ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬትሊን ራያን የመራችው ጥናት በ2009 እንዳሳየው፣ በጉርምስናቸው ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው ወጣቶች፣ ብዙም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ዕድል 8.4 እጥፍ፣ ለከባድ ድባቴ 5.9 እጥፍ፣ ለአደንዛዥ ዕፅ 3.4 እጥፍ ነበር። የተጠየቁት ነጮችና ላቲኖዎች ናቸው፤ የእኛ ልጆች አልነበሩበትም። ግን «ሰው ምን ይለናል» የሚለው አነጋገር በስፓኒሽም አለ። ትሬቨር ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት በ2019 ባደረገው ጥናት ደግሞ፣ የሚቀበለው ቢያንስ አንድ አዋቂ ያለው ልጅ የመሞከሩ ነገር በ40 ከመቶ ያነሰ ነበር። አንድ አዋቂ። አክስት ልትሆን ትችላለች፤ የኳስ አሠልጣኝ ሊሆን ይችላል።

ፍርሃታችሁን አናጣጥልም። «ነገ ቤተ ክርስቲያናችንን አጋቡ ብለው ያስገድዱናል» የሚል ስጋት በየስብሰባው ይነሳል። የ2022ቱ ሕግ የሃይማኖት ተቋማት ለማንኛውም ጋብቻ ሥርዓትም ሆነ አዳራሽ እንዲሰጡ እንደማይገደዱ በግልጽ ይናገራል፤ የሜሪላንዱም ሕግ ካህናትን ነጻ አድርጓል። ሁለተኛው በትምህርት ቤት ለልጆች የሚነበቡት፣ ጌይ ገጸ ባሕርያት ያሉባቸው የተረት መጻሕፍት ጉዳይ ነው። በ2023 በሮክቪል የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቦርድ ደጅ ከሙስሊም ወላጆች ጋር የእኛም ኦርቶዶክስ ወላጆች ተሰልፈው ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሰኔ 27 ቀን 2025 በማሕሙድ ጉዳይ 6 ለ3 ተወሰነ፦ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ወላጅ አስቀድሞ እንዲነገረውና ልጁን ከእነዚያ የተረት መጻሕፍት ንባብ እንዲያስወጣ። መብታችሁ ነው፤ ተጠቀሙበት የምትሉ ተጠቀሙበት። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ያ ውሳኔ ስለ መጽሐፍ ነው። ጌይ የሆነን ልጅ ከጌይነቱ የሚያስወጣ ቅጽ የለም። ሰልፉ ላይ የአባቱን እጅ ይዞ የቆመ ልጅም፣ መፈክሩን ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ራሱ አንብቦት ሊሆን ይችላል። ቤት ስትመለሱ «ክርክራችን ከትምህርት ቤቱ ጋር ነው፣ አንተ ምንም ብትሆን ልጃችን ነህ» ማለት ውሳኔውን አያፈርስባችሁም።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ሥራው። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ለጓደኛ፣ ቀጥሎ ለእኅት ወይም ለወንድም፣ ከዚያ ለእናት፣ በመጨረሻ ለአባት ይናገራሉ። ከመናገራቸው በፊት ይፈትሹናል፤ ቴሌቪዥን ላይ ባለ ሰው ላይ፣ በዜና ላይ አስተያየት ጠይቀው ፊታችንን ያያሉ። የተናገሩ ዕለት የምትሉት ነገር ረጅም መሆን የለበትም። «እንኳን ነገርከኝ። ልጄ ነህ። እኔም እንዳስብበት ጊዜ ስጠኝ፤ እስከዚያ ግን እራታችንን እንብላ።» ይህ ይበቃል። መቀበላችሁን በዚያች ሌሊት እንድትጨርሱ ማንም አይጠይቃችሁም፤ እሱም ለራሱ ዓመታት ወስዶበታል። የሚያበላሹት ሌሎች ናቸው፦ «እናትህን ልትገድላት ነው?»፣ «ማን አስተማረህ?»፣ «አሜሪካ ያመጣነው ለዚህ ነው?» የመጀመሪያው የእናትን ሕይወት በልጅ ትከሻ ላይ ይጭናል። ሁለተኛው ልጁን ወንጀለኛ ፍለጋ ያስገባዋል፤ ወላጅ ስልኩን ቀምቶ መልእክት መበርበር ይጀምራል። በዚያ ሌሊት የተቀማ ስልክ፣ ልጁ ሊደውልባት የሚችላት ብቸኛ መስመር ልትሆን ትችላለች። ስልኩን አትንኩ።

ምስጢሩ የልጁ ነው። እናት ለመጽናናት ለእኅቷ ትነግራለች፣ እኅቷ በቫይበር ለአዲስ አበባዋ ታላቅ፤ በሦስተኛው ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ልጁ ይህን የሚያውቀው ሰንበት ትምህርት ቤት ሲገባ ወሬ ሲቆም ነው። ለማን እንደምትነግሩ ልጁን ጠይቁ፤ አባትም ቢሆን። ሸክሙ ለከበደው ወላጅ በምስጢር የተያዘ ቦታ አለ፤ ባለሙያ አማካሪ ወይም፣ የጌይ ልጆች ወላጆች በ1973 ኒው ዮርክ የጀመሩት የፒፍላግ ማኅበር ስብሰባ። ወደ ንስሐ አባት መሄድ የሚሻም ይሂድ፤ ግን የራሱን ሸክም ይንገር እንጂ ልጁን በኃይል ጎትቶ አይቅረብ።

ይህ ወደ ፀበል ያደርሰናል። ፀበል መሄድ በራሱ የኛ ጉዳይ አይደለም፤ ልጁ ራሱ ወድዶ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። አደጋው ሲገደድ፣ ሲታሰር፣ ከትምህርት ተወስዶ ሳምንታት ሲቆይና የሚወስደው የድባቴ መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። የድባቴ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት ያመጣል፤ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። አጥማቂውም ቤተሰቡም ይህን አይተው «ጮኸ፣ ሊለቀው ነው» ይላሉ። አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ የኤችአይቪ ሕሙማን ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መናገራቸውን የሚያስታውስ ብዙ ነው። እዚህም ያው ነው።

«የሚያድን ባለሙያ አለ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ግን ሽሹ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ጌይነትን ከሕመም ዝርዝር ያወጣው በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ጥናቶቹን መርምሮ በ2009 እንዳስታወቀው፣ ዝንባሌን የሚቀይር ሕክምና እንደሚሠራ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም፤ የመጉዳት አደጋ ግን አለው። ዲሲ በ2014፣ ሜሪላንድ በ2018፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይህን በልጆች ላይ እንዳይሠራ ከልክለዋል። እነዚህ ሕጎች በየፍርድ ቤቱ ስለሚሞገቱ በእነሱ ብቻ አትመኩ። አማካሪ ስትመርጡ በመጀመሪያው ስልክ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዓላማህ ልጄን መቀየር ነው ወይስ ጭንቀቱን ማቃለል?» መልሱ «መቀየር» ከሆነ ስልኩን ዝጉ።

ከሁሉ የሚያሳስበን «አገር ቤት ይሂድና ይታረም» የሚለው ነው። የክረምት ዕረፍት ተብሎ ይጀመራል፤ ነሐሴ መጨረሻ የመመለሻው ትኬት ይሰረዛል፣ ፓስፖርቱ አጎት ቤት ይቆለፍበታል። ይህን ውሳኔ የሚያስቡ ሦስት ነገር ይመዝኑ። አንደኛ፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በእስራት ያስቀጣል። ልጁ እዚህ በለመደው ግልጽነት አንድ መልእክት ቢጽፍ፣ ስልኩን የከፈተ ሰው ሁሉ ሊያስፈራራው፣ ገንዘብ ሊጠይቅበት ይችላል፤ እናንተም ደለስ አየር ማረፊያ ስትሸኙት ከሕግ ጥበቃ አውጥታችሁ ነው የሸኛችሁት። ሁለተኛ፣ ዜግነት ያላገኘ፣ በግሪን ካርድ ያለ ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ከቆየ ካርዱ ለመመለስ አያገለግለውም። ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው ከመውጣቱ በፊት በቅጽ አይ-131 የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት ነበረበት። ከስድስት ወር በላይ መቆየትም ለዜግነት የሚቆጠረውን ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል። «ሁለት ዓመት ይቆይና ይመለስ» ያሉ ወላጆች መመለሻ የሌለው ልጅ ሊኖራቸው ይችላል። ሦስተኛ፣ ልጁ የሚመለሰው ተለውጦ አይደለም፤ መዋሸት ተምሮ ነው። ይህ ደብዳቤ እጁ የገባ ወጣትም ይወቀው፤ የአሜሪካ ዜጋ ከሆንክ፣ ከሆንሽ፣ ከመሄድ በፊት የፓስፖርቱን ፎቶ ለምታምኑት ሰው አስቀምጡ፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ስልክም በቃል ይያዝ።

አደጋው የቀረበ ሲመስል ምን ይደረግ? የሚወደውን ዕቃ ማደል፣ ድንገት መረጋጋት፣ «ሸክም ነኝ» ማለት፣ ከጓደኛ መራቅ፣ እንቅልፍ መለዋወጥ ሲታይ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» በአሽሙር አይደለም፣ «ክፉ ነገር አታስብም አይደል?» ብሎም አይደለም፤ እሱ «አላስብም» በል ብሎ ማዘዝ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። ቤት ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶች፣ የአያትን የደም ግፊትና የስኳር ኪኒን ጨምሮ፣ ቆልፋችሁ አስቀምጡ፤ መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ። ራሱን ለማጥፋት ላሰበ ሰው ወደተዘጋጀው አገር አቀፍ የእርዳታ መስመር፣ ወደ 988 ደውሉ። መስመሩ በማንኛውም ሰዓት ይሠራል፤ በእንግሊዝኛ መናገር የከበደው ወላጅ «አምሃሪክ» ብሎ አስተርጓሚ ይጠይቅ፣ እስኪገናኝም ስልኩን አይዝጋ። በጽሑፍ መልእክት ግን አማርኛ የለም። ቀድሞ 988 ላይ «3» ሲጫን ለእነዚህ ልጆች የተለየ አገልግሎት ነበር፤ ሐምሌ 2025 ተዘግቷል፤ በየግድግዳው የተለጠፈው አሮጌ ወረቀት ካለ አንሱት። በምትኩ ትሬቨር ፕሮጀክት በ1-866-488-7386 አለ፤ በጽሑፍ ደግሞ «ስታርት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ 678-678 መላክ ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የቀውስ ማዕከሉ ስልክ 240-777-4000 ነው።

ስለ አስተርጓሚ አንድ ነገር እንጨምር፤ በተግባር ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው። ትምህርት ቤቱ ወላጅ ሲጠራ ታናሽ እኅቱ ትመጣና ታስተረጉማለች። የአሥር ዓመት ልጅ «ወንድምሽ ራሱን ሊያጠፋ ነበር» የሚለውን ለእናቷ በአማርኛ እንድትናገር ይጠበቃል። ወይም የምታውቁት የደብሩ ሰው በደግነት ይመጣል፤ ምስጢሩም አብሮት ይወጣል። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ የሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶችም በአማርኛ ያገለግላሉ። አስተርጓሚው ነጻ ነው፤ በስልክ እንዲሆንና ከማኅበረሰባችን የማታውቁት ሰው እንዲሆን መጠየቅም ትችላላችሁ። በሜሪላንድ ከ2021 ጀምሮ፣ ባለሙያው ለአቅመ ማስተዋል ደርሷል ካለ፣ ከ12 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ ለሥነ ልቡና ምክር ራሱ መፍቀድ ይችላል፤ ከ16 በታች ከሆነ ግን ለአእምሮ መድኃኒት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጁ አማካሪ ዘንድ ብቻውን መሄዱን ስትሰሙ አትደንግጡ፤ በሕይወት ለመቆየት ያደረገው ነው።

ከቤት ማባረርን በአጭሩ እንለፈው፦ ከ18 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ በር መዝጋት በሕግ ልጅን መበደል ነው። የወጣ ልጅ ካለ በዲሲ ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው ስማያል የተባለው የጌይ ወጣቶች ድርጅት አለ፤ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት ደግሞ ዋንዳ አልስተን የተባለው ድርጅት ማረፊያ ይሰጣል። ዕድሩ ውስጥ ባዶ ክፍል ያለው ሰው ካለ ግን ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው።

ከቦርዶቹ የምንጠይቀው ትልቅ አይደለም። የማኅበሩ አዳራሽ መጸዳጃ ቤት በር ጀርባ ላይ፣ ሰው ሳያይ በሚነበብበት ቦታ፣ የ988ና የትሬቨር ስልክ በአማርኛ ይለጠፍ። ከልጆች ጋር የሚሠሩ አገልጋዮች «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» የሚለውን ጥያቄ በአማርኛ አፋቸውን ከፍተው መናገር ይለማመዱ፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ እኛም ያለ ክፍያ እንመጣለን። መድረክ ላይ የሚቀልዱ ሰዎች «ቡሽቲ» የምትለዋን ቀልድ እንዲተዉ አስቀድሞ ይነገራቸው። ልጁን ወደ አገር ቤት ሊልክ ያሰበ ወላጅ ወደ እናንተ ለምክር ሲመጣ፣ የአንቀጽ 629ንና የግሪን ካርዱን ነገር ሳትነግሩ አትሸኙት። ምርቃቱንም ለአያቶቹ እንተወው፤ እነሱን እናርም ብለን አንመክርም። ከምርቃቱ በኋላ ግን ቡና የሚያቀርበውን ልጅ ስታዩት፣ «ወደፊት ራስህን ምን ሆነህ ማየት ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲመልስም ሚስት አትጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንሠራ አማርኛ ተናጋሪ አማካሪዎች፣ ነርሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች